ሊስተን ሸጠ ወይስ ተመታ?

መሐመድ አሊ በወደቀው ሶኒ ሊስተን ላይ ቆሞ፣ ቀኝ ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ሲጮህ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያላየ ሰው ብዙ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከመስታወቱ በላይ ተለጥፎ፣ ጠርዙ ከቅባቱና ከአቧራው የተነሳ ቢጫ ሆኖ። ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍም የሚጀምረው ከዚሁ ፎቶግራፍ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሜይ 25 ቀን 1965 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ሉዊስተን በምትባል ከተማ የተደረገው የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ አስቀድሞ የተሸጠ ነበር። ቡጢው ሰው የሚጥል ቡጢ አልነበረም። ሊስተን ማፊያው ያዘዘውን ፈጽሞ ተኛ፤ ዳኛው ደግሞ ግራ የተጋባ መስሎ ድራማውን አሟላ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማያሚ ላይ ሊስተን ሻምፒዮናውን በአሊ የተነጠቀበት ግጥሚያም የዚሁ ተውኔት የመጀመሪያ ክፍል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጸሐፊውም እንደዚያው አድርገዋል።)

ጥርጣሬያቸውን አልንቀውም። የሊስተንን የሕይወት ታሪክ እያወቀ የማይጠራጠር ሰው ቢኖር ነው የሚገርመኝ። ሆኖም ለጥርጣሬያቸው ድጋፍ ብለው የደረደሯቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው ገሚሶቹ ለእርሳቸው ሳይሆን በእርሳቸው ላይ ይመሰክራሉ።

ከቡጢው ልጀምር። ጋዜጦቹ በዚያን ጊዜ «የማይታየው ቡጢ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ጸሐፊው ይህንን ስም ይዘው ቡጢ የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳልነበረ ይነግሩናል። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ደግሞ ቡጢው እጅግ ደካማ ስለነበረ እንደ ሊስተን ያለ ግዙፍ ሰው ሊጥል እንደማይችል ያስረዳሉ። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ እንጂ! የሌለ ቡጢ እንዴት ተደርጎ ነው የሚደክመው?

ፊልሙ በእጃችን ነው፤ አዘግይቶ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ዙር ከተጀመረ 1 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ሆኗል። ሊስተን አንድ እርምጃ ወደፊት ገብቶ ግራውን ይሰድዳል። አሊ ራሱን ትንሽ ሸሸት ያደርጋል፤ የሊስተን ግራ አየር ላይ ይቀራል። ወዲያው የአሊ ቀኝ ከሊስተን ግራ ክንድ በላይ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። አጭር ናት፤ ክርኑ ሙሉ በሙሉ እንኳን አልተዘረጋም። የሊስተን ጭንቅላት ወደ ጎን ይነጠራል፤ ክብደቱን ያሳረፈበት ግራ እግሩም ከመድረኩ ብድግ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። ለመውደቅ የተስማማ ሰው ተደግፎበት የቆመውን እግር በዚያች ቅጽበት እንዲህ አድርጎ ማንሳትን ከየት እንደተማረው ጸሐፊው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ቡጢው ለምን ቀላል መሰለ? እዚህ ላይ የራሴን ትንሽ ልጨምር። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ያህል ጓንት አጥልቄ ነበር፤ ለወሬ የሚበቃ ቡጢኛ ግን አልወጣኝም። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ከእኔ በብዙ ኪሎ የሚቀል ልጅ ገጠመኝ። ግራዬን ልሰድድ ወደፊት ገባሁ፤ ቀጥሎ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ ከዳር ሆነው ሲያዩት ልጁ የነካኝ እንኳን አልመሰላቸውም። ሕመሙም እምብዛም ነበር። ጉልበቴ ግን ከእኔ ጋር አልነበረም። ወደፊት እየሄደ፣ ክብደቱን የፊት እግሩ ላይ ጥሎ፣ ከየት እንደመጣ ያላየው ቡጢ ጆሮ ግንዱ ላይ የሚያርፍበት ሰው የሚመታው በገጣሚው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ራሱም ወደ ቡጢው ሄዶለታል። ሊስተን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ልዩነቱ እኔን የመታኝ የሰፈር ልጅ መሆኑና እርሱን የመታው በከባድ ሚዛን ታሪክ ከታዩት ፈጣን እጆች አንዱ መሆኑ ነው።

በቦታው የነበሩ ሰዎች እንኳ ቡጢውን አላዩም የሚለውን ነጥባቸውን እቀበላለሁ። ብዙዎቹ አላዩም፤ ገና ወንበራቸውን እየፈለጉ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው ከመድረኩ ዳር ተቀምጦ ተጭበረበርን ብሎ የጮኸውን የካናዳውን ቡጢኛ ጆርጅ ቹቫሎን ጠቅሰው፣ በዚያው ዓመት የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን ሆሴ ቶሬስን ዘልለውታል። ቶሬስ እንከን የሌለበት ቡጢ ነው ያለው። ሁለቱም ቡጢን በቆዳቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱን ምስክር አስቀርቦ ሌላውን ከደጅ መመለስ ደግ አይደለም።

አሊም ቢሆን ነገሩን አላቀለለውም፤ ይህን ለጸሐፊው እመርቅላቸዋለሁ። ቡጢውን «የመልሕቅ ቡጢ» ብሎ ሰይሞ፣ ከቀድሞው የፊልም ኮሜዲያን ከስቴፒን ፌቺት እንደተማረው፣ እርሱም ከጥንቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከጃክ ጆንሰን እንዳገኘው ሲያወራ ከረመ። እንዲህ ያለ ተረት ያወራ ሰው ባይታመን የራሱ አፍ ነው ጥፋተኛው።

አሁን ወደ ዳኛው ልለፍ። ጸሐፊው በአራት ዓረፍተ ነገር ያለፉትን እኔ ዘርዘር አደርገዋለሁ፤ የሉዊስተን ምስጢር ያለው እዚህ ነውና።

የቡጢ ሕግ ግልጽ ነው። ገጣሚውን የጣለ ቡጢኛ ወዲያውኑ ወደ ገለልተኛው (የሁለቱም ገጣሚዎች ወዳልሆነው) ጥግ መሄድ አለበት፤ እስኪሄድ ድረስ ዳኛው ቆጠራ አይጀምርም። በ1927 ቺካጎ ላይ ጃክ ዴምፕሲ ጂን ተኒን ጥሎ ከራሱ ላይ አልሄድም በማለቱ፣ ቆጠራው ዘግይቶ ተጀመረ፤ ተኒ ከዐሥር ሰከንድ በላይ አርፎ ተነሳ፤ ግጥሚያውንም አሸነፈ። ዛሬም ድረስ «ረጅሙ ቆጠራ» ይሉታል። ሉዊስተን ላይ ይኸው ነገር ተገልብጦ ተደገመ። አሊ ሊስተንን ጥሎ አልሄደም። «ተነስና ተዋጋ!» እያለ ከላዩ ቆሞ ይጮህ ነበር። ዳኛው ጀርሲ ጆ ዋልኮት አሊን ለመገፍተርና ለመጎተት ሲታገል ሊስተንን ረሳው። ቆጠራ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ከመድረኩ ታች ደግሞ ፍራንሲስ ማክዶኖ የሚባል ሰዓት ያዥ ተቀምጧል፤ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። የራሱን ሰዓት አይቶ ቆጥሯል። ማይክሮፎን አልነበረውም፤ መድረኩን በእጁ አልደበደበም፤ በጣቶቹም ቁጥር አላሳየም። በኋላ ሲጠየቅ ዋልኮት ወደ እኔ አላየም አለ፤ ዋልኮት ደግሞ ድምፁን አልሰማሁም አለ። ሊስተን ተነሳ። ዋልኮት የሊስተንን ጓንት ጠራርጎ ሁለቱን ለቀቃቸውና ወደ ሰዓት ያዡ ሄደ። ከማክዶኖ ጎን የተቀመጠው የ«ዘ ሪንግ» መጽሔት አዘጋጅ ናት ፍሌሸር፣ በግጥሚያው ላይ አንዳች ሥልጣን የሌለው ሰው፣ አልቋል እያለ እጁን ያወናጭፋል። ከዋልኮት ጀርባ ሁለቱ ሰዎች እንደገና መፋለም ጀምረዋል! ዋልኮት ሮጦ ተመለሰና የአሊን እጅ አነሳ። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነበር። በይፋ የተነገረው ግን 1 ደቂቃ ነው፤ እርሱም ስህተት።

እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቃቸው። በፊልሙ ሰዓት ሊስተን የወደቀው 1፡44 ላይ፣ የተነሳው 1፡56 ላይ ነው። እንዲተኛ ገንዘብ የተቀበለ ሰው፣ ዳኛው አንድ ብሎ እንኳን ሳይቆጥርበት ለምን ይነሳል? ተኝቶ ቢቆይ ማን ይቀሰቅሰው ነበር? ዐሥሩን በልቡ ቆጥሮ ጨርሶ ነው ብንል እንኳ፣ ጓንቱ ሲጠረግለት እጁን አንስቶ ለምን ወደ አሊ ዞረ? ሥራው ያለቀ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ዳኛውም ድራማውን ያሟላ ተዋናይ ነው የሚለውን አልገባኝም። ተዋናይ ቢሆን ኖሮ ሊስተን እንደወደቀ አሊን ረስቶ ዐሥር ቆጥሮ ይጨርስ ነበር፤ ማንም አይጠይቀው። እርሱ ግን ለማጭበርበር ከሚያስፈልገው ሁሉ ተቃራኒውን አደረገ። እኔ ያየሁት ልምምድ ያላደረገ የሰፈር ቲያትር ነው፤ ሁሉም ሰው የራሱን ቃል ረስቶ የሌላውን ይናገራል። ነገሩን የሚያጣፍጠው ደግሞ ዋልኮት ራሱ በ1953 ቺካጎ ላይ በሮኪ ማርሲያኖ በመጀመሪያው ዙር ተዘርሮ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ተቀምጦ ቀረ ተብሎ በዚሁ ክስ ስሙ የተነሳ መሆኑ ነው። የሊስተንን ችግር የሚረዳለት ሰው በዚያ ምሽት ቢኖር እርሱ በሆነ ነበር።

ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። ያነሳው ኒል ሊፈር ነው፤ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ልብ ብሎ ያየ ሰው በአሊ እግሮች መካከል አንድ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ያገኛል፤ ኸርብ ሻርፍማን ነው፣ የሊፈር ባልደረባ፤ በዕድሉ መጥፎ በተቃራኒው ወገን ተቀምጦ የአሊን ጀርባ ብቻ ያገኘ። ጸሐፊው ይህ ምስል የተውኔት መልክ አለው ይላሉ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። አሊ በዚያች ሰከንድ መገኘት የነበረበት ገለልተኛው ጥግ ላይ ነበር። ፎቶግራፉ ሕግ ሲጣስ የተነሳ ነው፤ ዋልኮት ለምን እንዳልቆጠረም እዚያው ላይ ይታያል። ለማጭበርበር ማስረጃ ብለው የሰቀሉት ምስል የትርምሱ ማስረጃ ነው።

ማፊያውን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። ሊስተን ቡጢ የተማረው በሚዙሪ ወህኒ ቤት ነው። ሲወጣ የጠበቁት ሰዎች ፍራንኪ ካርቦንና ብሊንኪ ፓለርሞን የመሳሰሉ፣ የአሜሪካን ቡጢ በጓዳ የሚገዙ ነበሩ። በ1961 ካርቦ 25 ዓመት፣ ፓለርሞ 15 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ካርቦ ሲታሰር የሊስተን ባለቤቶች ሁሉ አብረው ታሰሩ የሚል ሞኝ የለም። ነገር ግን ከክፉ ሰዎች ጋር መዋል አንድ ነገር ነው፤ በተወሰነ ቀን የተወሰነ ግጥሚያ መሸጥ ሌላ ነው።

የተሸጠ ግጥሚያ ምን እንደሚመስል የምናውቀው በግምት አይደለም፤ የሻጩ ኑዛዜ አለ። ኖቬምበር 14 ቀን 1947 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጄክ ላሞታ ለቢሊ ፎክስ ተሸነፈ። ከግጥሚያው በፊት ውርርዱ በድንገት ወደ ፎክስ አዘነበለ፤ ያን ጊዜውኑ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ላሞታም አልወደቀም፤ ገመዱን ተደግፎ ሲደበደብ ቆይቶ ዳኛው በአራተኛው ዙር አስቆመው። የኒው ዮርክ ቦክስ ኮሚሽን አገደው። በ1960 ላሞታ በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሸጡን ተናገረ። የተከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሻምፒዮና ዕድል ነበር፤ በ1949 ሻምፒዮኑን ማርሴል ሰርዳንን እንዲገጥም ተፈቀደለት፤ ለዚያ ዕድል ደግሞ ራሱ 20 ሺህ ዶላር ጨምሮ ከፈለ።

እዚህ ሁሉም ነገር አለ፤ ገዢ አለ፣ ዋጋ አለ፣ የውርርድ ዱካ አለ፣ ኑዛዜ አለ። ገዢዎቹም ብልሆች ናቸው፤ እውነት እንዲመስል አራት ዙር ጠብቀዋል። ሉዊስተን ላይ ከስድሳ ዓመት በኋላም ገዢውን በስም ከማስረጃ ጋር ያቀረበ የለም፤ ዋጋው አይታወቅም፤ ማን ተወራርዶ ማን እንዳተረፈ ያሳየ የለም። ደግሞስ የትኛው ብልህ ሻጭ ነው በመጀመሪያው ዙር፣ ግማሹ ተመልካች ሳይቀመጥ፣ ማንም በማያየው ቡጢ ውደቅ ብሎ የሚያዝ? አሊ ራሱ ሊስተን ሲወድቅ «ማንም ይህን አያምንም» እያለ ይጮህ እንደነበር ተዘግቧል። የዕቅዱ ተካፋይ ከሆነ ዕቅዱን ከሁሉ ቀድሞ የነቀፈው እርሱ ነው ማለት ነው።

አሁን ማያሚ። የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው፤ ስለዚህ አላቃልለውም። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 ሊስተን ከስድስተኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ አልነሳም አለ፤ ትከሻዬ ተጎዳ በማለት። ጸሐፊው ሦስት ነገር ያነሳሉ። ትከሻው ሰበብ ነበር ይላሉ፤ በዚያው ሌሊት የመረመሩት ሐኪሞች ግን የግራ ትከሻው ጅማት መጎዳቱን አረጋግጠዋል፤ የማያሚው ዓቃቤ ሕግ ሪቻርድ ገርስቲንም ነገሩን መርምሮ የማጭበርበር ማስረጃ አላገኘም። ሁለተኛ፣ የሊስተን ወገን የሆነው የግጥሚያ አዘጋጅ ድርጅት ኢንተርኮንቲኔንታል ፕሮሞሽንስ የአሊን ቀጣይ ግጥሚያ የማዘጋጀት መብት አስቀድሞ በ50 ሺህ ዶላር ገዝቶ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ መጥፎ ሽታም አለው፤ የአሜሪካ ሴኔትም ጠይቆበታል። ቢሆንም የመልስ ግጥሚያን ቀድሞ መያዝ በዚያ ዘመን የተለመደ ንግድ ነበር፤ ምንም እንኳ የዓለም ቦክስ ማኅበር ይህንኑ የመልስ ግጥሚያ ስለማይቀበል የአሊን ማዕረግ ቢነጥቀውም። ሽንፈት ቢመጣ ኪሳራን ማካካሻ መያዝ፣ ሽንፈትን መሸጥ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው በ2014 ዋሽንግተን ታይምስ ይፋ ያደረገው የኤፍቢአይ ሰነድ ነው። በሰነዱ ላይ አንድ የሂውስተን ቁማርተኛ፣ አሽ ሬስኒክ የተባለው የላስ ቬጋስ ሰው በሊስተን ላይ እንዳይወራረድ አስቀድሞ ፍንጭ እንደሰጠው ይናገራል። ኤፍቢአይ ጠርጥሯል፤ ያረጋገጠው ነገር ግን የለም፤ አሊ ያውቅ ነበር የሚል ነገርም በሰነዱ ውስጥ አልሰፈረም። ከሁሉ በላይ ሰነዱ የሚያወራው ስለ ማያሚ ነው። ጸሐፊው የማያሚን ጥርጣሬ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው እጅ ሉዊስተን ላይ ይቀቡታል፤ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ዓመት፣ ሁለት የተለያየ ውድቀት።

የማያሚውን ግጥሚያ ራሱንስ አይተውት ይሆን? ከአራተኛው ዙር በኋላ የአሊ ዓይኖች በሆነ ነገር ተቃጥለው ማየት ተስኖት ነበር፤ ጓንቴን ቁረጡልኝ እያለ ለምኗል። አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ገፍቶ ሲያወጣው ሊስተን በአምስተኛው ዙር ዓይኑ የማያየውን ልጅ ሲያሳድድ፣ ጎኑንም ጭንቅላቱንም ሲቀጠቅጥ ይታያል። ለመሸነፍ የተስማማ ሰው ማሸነፊያው ሲመጣለት እንዲህ አይስገበገብም።

ኔሽን ኦፍ ኢስላም የተባለው የአሊ ድርጅት ሙስሊሞች ሊስተንን አስፈራርተውት ነው የሚለው ወሬ በጽሑፉ መሐል ለምን እንደገባ ግልጽ አይደለም፤ ከማፊያው ጋር እንዴት እንደሚስማማም አልተነገረንም። ከዚህ ድርጅት የወጣው ማልኮም ኤክስ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 ተገድሎ ነበር፤ የበቀል ወሬ ሉዊስተንን ሞልቶት፣ ፖሊስ በር ላይ ተመልካቹን ይፈትሽ ነበር። ሊስተን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ማን አልፈራም? ሰውን ያስፈራ ሁሉ ግን ግጥሚያ ገዝቷል አይባልም።

ግጥሚያው ትንሽ ከተማ የተወሰደው ለድብቅ ሥራ እንዲመች ነው የሚለው ደግሞ ቢታለፍ ይሻል ነበር። መጀመሪያ የታቀደው ቦስተን ላይ፣ በኖቬምበር 1964 ነበር፤ አሊ በሆድ ዕቃው ላይ በደረሰበት እበጥ ድንገት ቀዶ ሕክምና ስላስፈለገው ተራዘመ። በኋላ የቦስተን ዓቃቤ ሕግ አዘጋጆቹን በፍርድ ቤት ስላዋከባቸው ሸሽተው ሉዊስተን ገቡ፤ የበረዶ ሆኪ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ፣ 2,434 ተመልካች ፊት። ገንዘቡ የተሰበሰበው በየከተማው ሲኒማ ቤት ከነበረው የቀጥታ ሥርጭት ነው፤ ካሜራ የሞላበት ቦታ ምን ድብቅነት አለው?

ሊስተን ከዚያ በኋላ የወደቀ ዛፍ ሆነ፤ ምሳሩም በዛበት። ዲሴምበር 1970 መጨረሻ ላስ ቬጋስ በሚገኘው ቤቱ ሞተ፤ ሚስቱ ያገኘችው በጃንዋሪ 5 ቀን 1971 ነው። የሞቱም ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጸሐፊው ግን ይህን ሞት ለሉዊስተን ማስረጃ አድርገው ጽሑፋቸውን ይዘጋሉ። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ የሞተ ሰው ስለ 1965 ምን ሊመሰክር ነው?

የሚገርመው ለክሳቸው የሚጠቅማቸውን አንድ ነገር ሳያዩት ማለፋቸው ነው። ሊስተን ወድቆ ተገልብጦ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ጓንቱን መድረኩ ላይ አሳርፏል፤ አሊ አሁንም እላዩ ላይ ነው። ከዚያ ሊስተን ከጉልበቱ ተመልሶ በጀርባው ይዘረጋል። ያ ሁለተኛ ውድቀት ቡጢ የለበትም። ሊስተን በኋላ ሲጠየቅ፣ አሊ ከላዩ ቆሞ ስለነበር ሲነሳ እንዳይመታው ሰግቶ እንደሆነ ተናግሯል። ሊሆን ይችላል። እኔ ያንን ቦታ ብዙ ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ፤ ጉልበቱ የከዳው ነው ስል፣ ሌላ ቀን ደግሞ የተወው ነው እላለሁ። ጸሐፊው ስለዚያ ጉልበት አንድ ቃል አልጻፉም።